ሰባ አንደኛው ደቂቃ

ውብርስት ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት የምትሠራው ሥራ ነበራት። ሳሎን ትገባና ከቴሌቪዥኑ ሥር የተጋደመውን ጥቁር የጌም ማጫወቻ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጀርባ ጀርባውን ትጠርገዋለች፤ ማራገቢያው አቧራ ከበላ ሙቀት አያስወጣም፣ ሙቀት የታመቀበት ጌም ደግሞ ዕድሜ የለውም። ከዚያ ከሶፋው ኋላ የተቀመጠውን የመኪና ባትሪ ክዳን ፈትታ ውሃው መጉደል አለመጉደሉን ታያለች። መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ድርግም ሲል ይህ ባትሪ ጌሙንም ቴሌቪዥኑንም ተቀብሎ ያቆያቸዋል። መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ትከፍትና መልሳ ታጠፋዋለች። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ አረንጓዴ ሜዳ፣ እግራቸውን እንዳነሱ የቀሩ ሃያ ሁለት ተጫዋቾችና ጥግ ላይ አንድ ነጭ ቁጥር ይታያሉ፤ ሰባ አንድ። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ ጌሙ አይጠፋም። ሳይጠፋ ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

እብደት ነው የሚል አይታጣም፤ እሷም ሌላ ሰው ሲያደርገው ብታይ እብደት ነው ትል ነበር። ግን የምትውለው ከዚሁ ዓይነት ሰው ጋር ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ገባ ብሎ ባለች ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ቤት ትሠራለች፤ ባለቤቱ ጋሽ ሙሄ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን ይዘው ጌሙን ሁሉ ለእሷ ትተውላታል። ከጠረጴዛዋ በላይ ያለው መደርደሪያ ሰዎች ለጥገና አምጥተው ተመልሰው ያልመጡላቸው አሮጌ ጌሞች የተደረደሩበት ነው። አንዳንዶቹ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተጽፎ ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ስሙም ፈዝዟል። ሲያመጡት ሁሉም እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው ነው፣ "ለነገ ይደርሳል?" እያሉ ይለማመጣሉ። በማግስቱ ጎረቤት አዲስ ጌም ያስገባል፣ ጓደኛ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ የአሮጌው ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ይሆናል።

"የድሮው ጌም ሥዕል አስጠልቷቸው እንዳይመስልሽ" ይላሉ ጋሽ ሙሄ መደርደሪያውን ቀና ብለው እያዩ። "ሰው ጌም የሚተወው ጎኑ የሚቀመጥ ሲያጣ ነው።"

የማይተዉም አሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሲዲ ማንበቢያውን ሦስት ጊዜ አስቀይሯል፤ አዲስ ግዛ ያሉት እንደሆነ ይቆጣል። ውስጡ ከሞተ ጓደኛው ጋር የጀመሩት ሊግ አለ። ሦስት ጨዋታ ቀርቷል፤ አይጫወታቸውም፣ ሠንጠረዡን ከፍቶ አይቶ ይዘጋዋል። ጋሽ ሙሄ ይስቁበታል። ውብርስት አትስቅም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሮጌውን ዕቃ የሚይዙት ወደውት ሳይሆን መጨረሻውን ፈርተው እንደሆነ ታውቃለች።

የእሷን ቤት ጌም የማታጠፋበትን ምክንያት ጋሽ ሙሄ በግማሽ ያውቁታል። ግማሹን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው የሦስት ሰው ቤት ነበር፤ እናትዬው ወይዘሮ እታገኝ፣ ያኔ ገና የመሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበሩት፣ ውብርስትና በአምስት ዓመት የምትበልጠው ወንድሟ ልዑልሰገድ። መላክ የሚወድ ማንም ስላልነበረ እህትና ወንድም ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ሕግ አወጡ። ዳቦም ይሁን ጋዝ፣ ወፍጮም ይሁን ሱቅ፣ መልእክት በመጣ ቁጥር አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ከሶፋው አይነሳም። ወይዘሮ እታገኝም ጭቅጭቅ ከመስማት ይሻላል ብለው ተቀበሉት። ልዑል ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር ያን ቀን፤ ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከጦሳ ተራራ እስከ ደጃፋቸው ወርዶ። ጨዋታው ሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ እናታቸው ከጓዳ "ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ!" ብለው ተጣሩ። ልዑል ሁለት ለአንድ ይመራ ነበር። ጨዋታውን አቁሞ ተነሳ።

"ጫማ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ልሂድልሽ። መሸነፍሽ እንደሆነ አይቀርም" አላት እየሳቀ። "እንዳታጠፊው ብቻ።"

የጨዋታ ማስቀመጫ ካርዱ ተበላሽቶ ስለነበር ጌሙ ከጠፋ ሁሉ ነገር ከዜሮ ነው። ዳቦ ቤቱ ደርሶ መልስ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልዑል ግን አልተመለሰም። ዳቦውን በፌስታል ይዞ ከመታጠፊያው ላይ ወደ ቤት ሲዞር ያየችው አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ጉሙ ውስጥ ሲገባ አይታዋለች፣ ከጉሙ ሲወጣ ያየው ሰው ግን የለም። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር ተፈለገ፤ ፎቶው ያልተለጠፈበት የመብራት እንጨት አልነበረም። ምንም አልተገኘም።

ፍለጋው በጀመረበት ዕለት ወይዘሮ እታገኝ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቋት። "የመላክ ተራው የማን ነበር?" አሉ። ውብርስት "እሱ ተሸንፎ ነው የሄደው" አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ አልነበረውም። እናትዬው ጌሙ እንዳይጠፋ ያዘዙት ልጃቸው አታጥፉት ስላለ ነው፤ እመጣለሁ ያለ ሰው ይመጣል ብለው ነው። ውብርስት ያላጠፋችው ግን ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ ማንም ስላልተሸነፈ ነው። ያላለቀ ጨዋታ ተሸናፊ የለውም፤ ውሸቷም ገና ሙሉ ውሸት አልሆነም። ቴሌቪዥኑን ከሁለት ሰከንድ በላይ የማትከፍተውም ለዚህ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን ሁለት ለአንድ የሚል ጽሑፍ አለ፣ እናቷ ያን አንብበው ተራው የማን እንደነበረ ያወቁ ቀን በምን ዓይን እንደሚያዩዋት ማሰብ አትፈልግም።

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁጥሩ ሰባ ሁለት ሆኖ አገኘችው።

ቴሌቪዥኑን ካጠፋች በኋላ ነው የገባት፤ መልሳ ከፈተችው። ሰባ ሁለት። ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ነበረች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኖረችበት ከግራ መስመሩ ተነስታ። ውብርስት ብሩሹን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የጌሙ ማራገቢያ ያንኑ የለመደችውን ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ኤሌክትሪኩ ነው አለች ለራሷ፤ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ጌሙ ቁልፍ የተነካ መስሎት ይሆናል። እንዲህ ያለ ብልሽት በሥራዋ ገጥሟት አያውቅም፤ ቢሆንም ከዚያ የተሻለ ምክንያት አላገኘችም። የልዑልን ጆይስቲክ ከወለሉ አነሳችው። ሽቦው ሁልጊዜ እንደምታስቀምጠው ተጠቅልሎ ነበር፤ ጆይስቲኩ ግን ሞቅ ይላል።

ሥራ ቦታ ሆና ጋሽ ሙሄን ጠየቀቻቸው፤ ቆሞ የቆየ ጨዋታ በራሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል ወይ ብላ። ሽማግሌው ከሬዲዮው ላይ ቀና አላሉም።

"በራሱ የሚሄድ ነገር የለም ልጄ። አውራ ጣት ያስፈልገዋል።"

ለምሳ ቤት ስትመለስ ኮሪደሩ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር። ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ፣ ቅርፊቱ ትንሽ አረር ያለ፣ ላብ ያወጣ ፌስታል ውስጥ የቆየ። ልዑል ከቀረ ወዲህ እዚህ ቤት ዳቦ ገብቶ አያውቅም፤ ወይዘሮ እታገኝ ሽታውን አይችሉትም። ጓዳ ገብታ አየች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ የጎረቤት ሊሆን ይችላል ብላ በር ላይ ወጥታ አሸተተች። ውጭ የእርጥብ አፈር ሽታ ብቻ ነበር። እናቷ ድንች እየላጡ ነበር፤ በረጋ ዓይን ተመለከቷት።

"እማዬ፣ ዳቦ አይሸትሽም?"

"ኧረ እኔ ምንም አይሸተኝም" አሉ ወይዘሮ እታገኝ፣ ቢላዋቸውንም አላቆሙም።

ቁጥሩ ሰባ አራት ሆነ፣ ከዚያ ሰባ ስድስት። አንዳንድ ቀን ሳይነካ ይቆያል፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ትታው የሄደችውን ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ደቂቃ ገፍቶ ታገኘዋለች። የጌሙ አንድ ደቂቃ በእኛ ሰዓት ሰባት ሰከንድ አይሞላም፤ ስለዚህ የሆነ ሰው በቀን ለሰባት ሰከንድ ብቻ ይመጣና ተጫውቶ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ስታስብ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም። ልቧ ዘለለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጸልይ "እኔን ውሰደኝ፣ እሱን መልሰው" ስትል ኖራለች፤ ምናልባት የሰማት ይኖራል አለች። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ፣ የሰማት ማን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ስትጀምር ነው።

ሰባ ዘጠኝ በሆነ ዕለት የጫማ ድምፅ ሰማች። ልዑል ቤት ከመግባቱ በፊት ጭቃውን ደፉ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ይፍቅ ነበር፣ ሁለቴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን፣ መሃል ላይ ትንሽ እረፍት አድርጎ። ድምፁ ሩቅ ነበር፤ ከታች ከመንገዱ፣ ድንጋይም ደፍም ከሌለበት ቦታ የሚመጣ፣ የሚያደርገውን ረስቶ በልማድ ብቻ እንደሚፍቅ ሰው። እሁድ ጠዋት ነበር፣ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፤ ቢያንስ ለውብርስት እንዲያ መሰላት። ከአልጋዋ ተነስታ ሳሎን ስትደርስ ማንም የለም፣ ቴሌቪዥኑ ግን ገና ሞቃት ነው፣ ከጓዳ በኩል በር ሲዘጋ የሰማች መሰላት። ድምፁ ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ለምሳ ስትመጣ፣ መታጠፊያው ላይ የቆመ ሰው አየች። ቀትር ነው፣ ጉሙ ግን ነጭ ሆኖ መንገዱን ከጎንና ከጎን ይዞታል፣ ሰዎች በድንገት ከውስጡ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ሳይወዛወዝ ቆሟል። ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች እያወሩ መጥተው፣ ያዩት ሳይመስሉ፣ አንዷ በቀኝ ሌላዋ በግራ አልፈውት እንደገና ጎን ለጎን ገጠሙና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሸክም የተጫነ አህያ ግን አላልፍም አለ፤ ባለቤቱ እየተሳደበ ሲጎትተው አራት እግሩን ተክሎ ዓይኑን አፈጠጠ። ውብርስት ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ጉሙ ሸፈነው፤ ሲገለጥ የለም። ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ስትደርስ እንደዚያ እየዘነበ ሁለት የጫማ ልክ የምታህል ምድር ደርቃ አገኘች።

እናቷም ተለውጠዋል። ወይዘሮ እታገኝ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር የሚቀመጡ ሴት ነበሩ፤ አሁን ይዘምራሉ፣ ይጠራርጋሉ፣ የልዑልን ብርድ ልብስ አጥበው በዝናብ መሃል ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ያሰጡታል። አንድ ቀን ውብርስት ከሥራ ስትመለስ ከወንድሟ ጋር ይጋሩት የነበረው ቁም ሣጥን በግማሽ ባዶ ሆኖ አገኘችው። የእሷ ልብሶች ተጣጥፈው በሻንጣ ገብተዋል፣ ሻንጣው ከአልጋዋ እግርጌ ተቀምጧል።

"ሻጋታ እንዳይበላብሽ ነው" አሉ እናቷ፣ ጉንጯን በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ለዓመታት እንዲህ ዳስሰዋት ስለማያውቁ ውብርስት ስለ ጌሙ ልትነግራቸው ፈለገች፣ ልዑል እየመጣ ነው ልትል ፈለገች። ግን ይህን ከተናገረች ቴሌቪዥኑን መክፈት ሊኖርባት ነው፣ ቴሌቪዥኑ ከተከፈተ ደግሞ ሁለት ለአንዱ አለ። ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የከተማው መብራት በሙሉ ሄደ። ጋሽ ሙሄ ሬዲዮውን እንደፈታቱት ትተው "ሂጂ ቤትሽ፣ ዛሬ አይመጣም" አሏት። ሽቅብ ስትወጣ ጉሙ እንዲያ ወፍሮ አይታው አታውቅም፤ የራሷን ጉልበት እንጂ ጫማዋን አታይም፣ የሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ የሱቆች ሻማ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይታይና ይጠፋል። መታጠፊያው ላይ ማንም አልነበረም። ልዑል አልፎት ወደ ቤት እንደሄደ ገባትና እርምጃዋን አፈጠነች። የውጭው በር ተከፍቷል፣ ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ የዳቦው ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከሳሎን ስድስት ዓመት ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ይመጣል፤ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እያጉተመተመ።

ወይዘሮ እታገኝ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ የቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ብርሃን ፊታቸው ላይ ወድቋል። የልዑልን ጆይስቲክ ይዘዋል። ዐሥሩም ጣታቸው የየራሱን ቦታ አግኝቶ ቁልፎቹ ላይ ተረጋግቷል፣ ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። ውብርስት በሩ ላይ ስትቆም አንዷን ቁልፍ ተጫኑና የሕዝቡ ድምፅ ቆመ። ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት ይላል።

"መጣሽ? ነይ ተቀመጪ" አሉ። "ያላንቺ መጨረሱ ደስ አላለኝም።"

"እማዬ... አንቺ ነሽ?"

"ስድስት ዓመት የሞላው ዕለት አቧራ ስጠርግ ሳላውቅ ነካሁት። ሰዎቹ ሲሮጡ ያን ጊዜ ከሩቅ የጫማው ድምፅ ተሰማኝ። ደንግጬ መልሼ ስነካው ሰዎቹም ቆሙ፣ ድምፁም ቆመ።" ወይዘሮ እታገኝ ስለ ሰው ሰርግ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት። "ይሄ ሲሄድ እሱም ይመጣል። ያን ዕለት አቁሜ ቁልፉን እስክለምድ ብዬ ተውኩት። አሁን ትንሽ ነው የቀረው።"

ውብርስት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ያን ጊዜ ዞረው አዩዋት።

"ቁጥር አነባለሁ እኮ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት የሚለው የእሱ ነው፣ አንድ የሚለው ያንቺ ነው። ተሸንፎ ነው የሄደው ብለሽኝ ነበር።"

ውብርስት ቀና ብላ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁለት ለአንድ አየችው። ይህን ቀን ስትፈራ ኖራ፣ ሲመጣ እናቷ ይጮሃሉ፣ ይረግሙኛል ብላ አስባ ነበር። አልጮሁም። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ያለቀለት ሐሳብ ነበር፤ የከፋውም ያ ነው።

ዓይኗ ሳታውቀው ከሶፋው ኋላ ወዳለው ባትሪ ሄደ። ሽቦው ከእጇ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

"ልንቀለው ካልሽ ንቀይው" አሉ ወይዘሮ እታገኝ። "አሁን ደፉ ላይ ደርሷል፤ ጨዋታው ቢቆምም መፋቁ አይቆምም፣ እዚያው ደጅ ይቀራል። ሲፍቅ እየሰማን እንኖራለን።"

ያን ጊዜ ሰማችው። ከበሩ ማዶ፣ ደፉ ላይ፣ ከእሷ አምስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ፤ ሁለቴ፣ እረፍት፣ አንዴ። ውብርስት ሽቦውን አልነቀለችም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ከወለሉ አነሳች። እንደዚያ ተሸንፋ ነበር መሄድ የነበረባት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ስለዚህ ዝም ብዬ እሸነፋለሁ አለች በልቧ። የጸለየችውም ይሄንኑ ነበር።

እናቷ ቁልፉን ተጫኑ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ ሃያ ሁለቱም ተነቃነቁ። አውራ ጣቷ ግን እንዳሰበችው አልሆነላትም። ኳሱ ከእናቷ ተጫዋች እግር ሲርቅ አይታ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ነጠቀችው። መሄድ አልፈለገችም። ይህን እስከዚያች ሰከንድ ድረስ አታውቅም ነበር፤ ስድስት ዓመት እኔን ውሰደኝ ስትል ውሸቷን ነበር፣ እዚህ ሶፋ ላይ፣ በዚህ ቤት ውስጥ፣ የትም ሳትሄድ መቅረት ነበር የምትፈልገው። በቀኝ መስመር ሮጠች፣ አንዱን አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፤ ጎኗ እናቷ በአፍንጫቸው በኃይል ይተነፍሳሉ፣ ከውጭ ጫማው ይፍቃል፣ እረፍት የለውም አሁን፣ ይፍቃል ይፍቃል። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ መታች። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወጣች።

የዳኛው ፊሽካ ረጅም ነበር። ከውጭ ያለው ድምፅ ቀጥ አለ።

"የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ሶፋው ላይ ይቀመጣል" አሉ ወይዘሮ እታገኝ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ። "ሕጉ የእናንተ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም።"

ሻንጣውን አመጡላት። ሹራቧን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እስከ አንገቷ ቆለፉላት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ግንባሯን ሳሟት። "ልጄ ነሽ እኮ" አሉ። "ካንቺ ጋር ስድስት ዓመት ኖርኩ። ካሁን ወዲያ ከእሱ ጋር ልኑር።" ውብርስት የእናቷን እጅ ይዛ ልታለቅስ፣ እግራቸው ሥር ልትወድቅ አሰበች፤ እግሮቿ ግን ወደ በሩ መሄድ ጀምረው ነበር።

በሩ ሲከፈት ጉሙ ደፉ ድረስ ደርሶ ጠበቃት። እሱም ቆሟል። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው አሁንም፣ ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ፣ ፀጉሩ በዚያ ሁሉ ዝናብ ደረቅ። ጎን ለጎን ሲተላለፉ ትከሻው ትከሻዋን ነካት፤ ብርድም ሙቀትም አልነበረውም። ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን ብታቆምም የሚሰማ ነገር አልነበረም። ዓይኑን ፈለገች፤ ዓይኑ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው የሚያየው። ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን ዘርግተው "ልዑሌ!" አሉ፣ አንጀት በሚያላውስ ድምፅ፤ እሱ በተዘረጋው እጃቸው ሥር ጎንበስ ብሎ አልፎ ወደ ሳሎን ገባ። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

"እማዬ!" አለች ውብርስት። ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው፤ ለራሷ እንኳ አልተሰማትም።

እየተደናበረች ወደ ሳሎኑ መስኮት ዞረች። መጋረጃው ክፍት ነበር። ልዑል ሶፋው ላይ የድሮ ቦታው ተቀምጧል፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፣ ፌስታሉ ላብ አውጥቷል፣ ግን ባዶ ነው፣ ውስጡ ምንም ዳቦ የለም። ስክሪኑ ላይ አዲስ ጨዋታ ተከፍቷል፤ ቁጥሩ ዜሮ ይላል፣ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ውብርስት መስታወቱን በጡጫዋ መታችው፣ በሁለት እጇ መታችው፣ መስታወቱ አልተንቀጠቀጠም፣ ውስጥ ያሉትም ዞር አላሉም፣ እግሮቿም አንድ ባንድ ወደ ኋላ፣ ወደ መታጠፊያው ይወስዷት ጀመር። ልዑል ፈገግ ብሎ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ወይዘሮ እታገኝ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ደስ እያላቸው፣ አጠገቡ ተቀምጠው ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሱ።